ከሙጫው በፊት ግድግዳውን

በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ ለማጣበቅ ለሚያስቡ ሁሉ

በደብረ ታቦር ከተማ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ የቤት ጌጥ ተለምዷል። ይኸውም ነጋዴዎች «ፒቪሲ» እያሉ የሚሸጡት፥ እንደ ሳንቃ ረዘም ያለ፥ ውስጡ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። በመጀመሪያ የኮርኒስ ዕቃ ነበር፤ አሁን ግን ከላይ ወርዶ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ይዟል። ሴራሚክ ለማስለጠፍ ዐቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ይህን ገዝቶ ግድግዳውን ሲያለብሰው ቤቱ በአንድ ቀን ነጭ ሆኖ ያመሽለታል። ውሃ አያስገባም፤ ቀለም አይፈልግም፤ በጨርቅ ሲወለወል ይጠራል። ስለዚህ ሰው ቢወደው አያስደንቅም።

ችግሩ ያለው ሰሌዳውን ከግድግዳው ጋር በሚያስተሳስረው ነገር ላይ ነው። ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብቶ «ፒቪሲ የሚያጣብቅ ሙጫ ስጡኝ» የሚል ሰው አምስትና ስድስት ዐይነት ቱቦና ጣሳ ይቀርብለታል። ሁሉም ኀይለኛ ነው ይባልለታል፤ በሁሉም ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የውጭ ቋንቋ ነው። ገዢው ዋጋ ያወዳድርና አንዱን አንሥቶ ይሄዳል። እኔም ይህንኑ አድርጌ ነበር። የደረሰብኝን ከዚህ በታች የምተርከው ስሕተቴ ለሌላው ትምህርት ይሆናል በማለት ነው፤ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው በሙጫ መሳሳቱም ለአንባቢ ትንሽ ሣቅ ሳይሰጥ አይቀርም።

የቡሄ ዋዜማ

እናቴ የሚኖሩት አባቴ በሕይወት ሳሉ በገዛ እጃቸው በሠሩት የጭቃ ቤት ነው። በማስተማር ሥራ ከተሰማራሁ አንድ ዓመት ሲሞላኝ፥ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ወር፥ ካጠራቀምኋት ደመወዝ ከቤቱ ጥግ ላይ አነስተኛ መታጠቢያ ቤት አሠራሁላቸው። እናቴ ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው በክረምት ሌሊት በጭቃ ላይ ወደ ጓሮ መውጣቱ እንዲቀርላቸው ነበር አሳቤ። ወለሉ በሲሚንቶ ተለሰነ፤ ቧንቧው ገባ፤ ግድግዳው ግን የቤቱ የቀድሞ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ፒቪሲውን በኖራ በተቀባው ምርጊት ላይ በቀጥታ አጣበቅነው። የተጠቀምንበትም ሙጫ ሁለት ዐይነት ነበር፤ አንደኛው ከቧንቧ ሥራ የተረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ማጣበቂያ፥ ሁለተኛው አናጢዎች የሚሠሩበት ነጭ ኮላ።

ለሁለት ወር ያህል እንግዳ በመጣ ቍጥር በሩን እየከፈትሁ አሳይ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን ማታ፥ የሠፈሩ ልጆች ለቡሄ ጅራፋቸውን ሲያጮኹ፥ ከመታጠቢያ ቤቱ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ሮጠን ስንገባ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርሱ አምስት ሰሌዳዎች እንደ ተያያዙ ወድቀው አገኘናቸው። እናቴ ከዚያ ከወጡ ሩብ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ከሰሌዳዎቹ መውደቅ ይልቅ ያስደነገጠኝ ከበስተኋላቸው ያየሁት ነው። ኮላው እንደ እርጎ ነጭና ለስላሳ ሆኗል። የቧንቧው ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ አጨማዶታል፤ ከግድግዳው ጋር ግን ጨርሶ አልተዋወቀም። ግድግዳው ራሱ ከወለሉ እስከ ጕልበት ከፍታ ድረስ ጣት የሚያስገባ ጭቃ ሆኗል። ጭዱ ሸትቷል። ከውስጥ ካሉት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች አንዱ በስብሶ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰረጕዳል። አባቴ የተከሉት ቋሚ ነበር። ሰሌዳው በጊዜ ባይወድቅልን ኖሮ ግድግዳው ሳይታይ እየበሰበሰ ይቀጥል ነበር፤ ከዚያም በኋላ የሚወድቀው ፕላስቲክ ብቻ ባልሆነ።

እናቴ መብራት ይዘው ነገሩን ካዩ በኋላ «ልጄ፥ ይህ ግድግዳ እኮ ነፋስ እያገኘው ነው የኖረው፤ አንተ አፈንኸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ በትንሽ በትንሹም ፈትኜአለሁ። የደረስሁበት ነገር ከእናቴ ቃል እጅግ የራቀ አይደለም።

ሙጫ እንዴት ይይዛል?

ሙጫ ሥራውን የሚሠራው በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ፈሳሽ ሆኖ በሁለቱም ገጽ ላይ መንጣፍና ወደ ጥቃቅኑ ቀዳዳ ሁሉ መግባት አለበት። በውሃ የተረጨ የጐመን ቅጠል ተመልከቱ፤ ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ቅጠሉን አያርሰውም። እንዲህ የሚንከባለል ሙጫ አይይዝም። በሁለተኛው ደረጃ ፈሳሹ መጠንከር አለበት፤ አንዳንዱ ውሃው ወይም ነዳጅ መሳዩ ማቅጠኛው ሲተን ይጠነክራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ወስዶ በኬሚካል ለውጥ ይጠነክራል። በመጨረሻም ከጠነከረ በኋላ የሚደርስበትን ክብደት፥ ውሃ፥ ሙቀትና ብርድ መቻል አለበት።

የተጣበቀ ነገር እንደ ሰንሰለት ነው። ሰሌዳው አንድ ቀለበት፥ ሙጫው አንድ ቀለበት፥ ግድግዳው አንድ ቀለበት ነው፤ የሚገናኙባቸውም ሁለት ገጾች እንዲሁ። ሰንሰለት የሚበጠሰው ከደካማው ቀለበት ላይ ስለ ሆነ እጅግ ውድና ኀይለኛ ሙጫ የሚፈረፈር ግድግዳን ሊያጠነክር አይችልም። ግድግዳው የራሱን ቆዳ ገፎ ለሙጫው ያስረክባል፤ ሙጫውም ያንን ይዞ ይወድቃል። የሰሌዳው ክብደት ራሱ ያን ያህል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ መያዣው ሲከዳን ክብደቱን ከመውቀስ በፊት ወደ ገጾቹና ወደ ውሃው መመልከት ይገባል።

ፒቪሲ ከሙጫ ጋር የቈየ ታሪክ አለው። ኦይገን ባውማን የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ይህን ነገር ያስተዋለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ሲሆን፥ ፀሐይ ባገኘው ጠርሙስ ውስጥ የተገኘው ነጭ ጠጣር በጊዜው ለምንም አልጠቀመም ነበር። በ1926 ዓ.ም. ዋልዶ ሴመን የተባለ አሜሪካዊ በአንድ የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ ይህን ጠጣር ከፈሳሽ ጋር ቢያሞቀው እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ሆነለት። ሙጫ የፈለገው ሰው ለመጣበቅ እንቢ የሚል ዕቃ አገኘ ማለት ነው። ዛሬ የምንገዛው ሰሌዳ ጠንካራው የፒቪሲ ዐይነት ነው፤ ገጹም እንደ መስታወት የለዘበና ቀዳዳ የሌለው ስለ ሆነ ከመጣበቁ በፊት ጀርባው በብርጭቆ ወረቀት መፋቅና ከአቧራና ከቅባት መጥራት አለበት።

የአገራችን ግድግዳ

በደቡብ ጎንደር ደጋ ጭቃ የለበሰ ግድግዳ ያልኖረበት ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። አሠራሩን ሁሉም ያውቀዋል። የባሕር ዛፍ ቋሚ በተርታ ይተከላል፤ ማገር ይመታበታል፤ ዐፈሩ በውሃ ይረገጣል፤ የጤፍ ጭድ ይገባበታል፤ እያደረ ከቦካ በኋላ ይመረጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ለስላሳ ዐፈር ከእበት ጋር ተለውሶ ገጹን ያሳምረዋል። ጭዱ የጭቃው ጅማት ነው፤ እርሱ ባይኖር ግድግዳው በደረቀ ጊዜ ተሰነጣጥቆ ይወርድ ነበር።

እንዲህ ያለው ግድግዳ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ ይተፋዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብና በጉም የሚኖር አገር ውስጥ ዕድሜ የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጭቃው በእሳት ያልተጠበሰ ስለ ሆነ ፈሳሽ ውሃ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፥ በምርጊት ላይ የተቀባ ሙጫ የሚይዘው የመጨረሻዋን ስስ ልባስ ብቻ ነው። ሁለተኛው፥ ግድግዳው በፕላስቲክ ሲሸፈን በመጋጠሚያው የገባው ውሃና ከመሬት የሚሳበው እርጥበት በዚያ በኩል መውጫ ያጣል። ፕላስቲኩ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ያህል የገባውም እንዳይወጣ ይከለክላል።

የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ግድግዳን ስለ ማልበስ ያውቁ የነበረው ነገር እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በጣና ዙሪያ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት፥ ለምሳሌ በዘጌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የምናየው ሥዕል በጭቃው ላይ በቀጥታ የተሣለ እንዳይመስለን። በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ነው። ጨርቅ ቀላል ነው፤ ግድግዳው ጥቂት ሲላወስ አብሮት ይላወሳል፤ እርጥበትም ያሳልፋል። ግድግዳው፥ ማጣበቂያውና ልብሱ በጠባይ የተስማሙ ስለ ነበሩ ጣራው ካላፈሰሰ በቀር ለረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል።

ይህ አሠራር አንድ የሚያሳዝን ታሪክም አለው። በጎንደር በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተሠራው በአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ሥዕሎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ የጥናት ቡድን መሪ ከነጨርቃቸው አስነሥቶ ወደ ፓሪስ ወስዷቸዋል። በምትካቸው ከቡድኑ ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ግልባጮች ተተኩ። የቀድሞዎቹ ሥዕሎች በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ ቢሆን ኖሮ እንደ ጓዝ ተጠቅልሎ ያን ያህል መንገድ ባልተጓዘ። የተጣበቀ ነገር ሁሉ ሊላቀቅ ይችላል፤ ጥያቄው በምን ምክንያት፥ መቼና በማን እጅ ይላቀቃል የሚለው ነው።

ሙጫዎቹን በየተራ

አሁን ወደ መደብሩ እንመለስና በመደርደሪያው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እንመልከት።

ነጭ ኮላ። ይህ ለአናጢ የተባረከ ሙጫ ነው። ውስጡ ያለው በውሃ የተበጠበጠ ፕላስቲክ ሲሆን፥ ውሃው ወደ እንጨቱ ሲሰርግና ሲተን ይጠነክራል። በፒቪሲና በቀለም በተቀባ ግድግዳ መካከል ሲገባ ግን ውሃው መሄጃ ስለማያገኝ ለብዙ ቀን እንደ ረጠበ ይቀመጣል። ከደረቀም በኋላ ተራው ኮላ ደጋግሞ ውሃ ካገኘው ይለሰልሳል። ለጠረጴዛና ለወንበር እንጂ ለመታጠቢያ ቤት አይሆንም።

የቧንቧ ሙጫ። ይህኛው በእርግጥ ለፒቪሲ የተሠራ ነው፤ እኔንም ያሳሳተኝ ስሙ ነው። ነገር ግን አሠራሩ የማጣበቅ ሳይሆን የማቅለጥ ነው። የሁለቱን ፕላስቲኮች ገጽ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ቧንቧን ከቧንቧ ጋር ሲያገናኝ ወደር የለውም። ግድግዳው ግን የሚሟሟ ፒቪሲ የለውም፤ ስለዚህ ሙጫው ሥራ ሲያጣ ስሱን ሰሌዳ ይበላዋል።

ማስቲሽ። ጫማ ሰፊዎችና ሶፋ ሠሪዎች የሚያውቁት፥ ጎማ በነዳጅ መሳይ ፈሳሽ የሟሟበት ሙጫ ነው። በሁለቱም ገጽ ይቀባል፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይጠበቃል፤ ከዚያ ይገጠማል። አንዴ ከነካ ወዲያው ስለሚይዝ የተጣመመ ሰሌዳ ማቃናት አይቻልም። ለጥ ባላለ ግድግዳ ላይ ሁለቱ ገጾች በሚገባ ስለማይነካኩ ይከዳል። ከሁሉ የሚከፋው ተኑ ነው። በቶሎ በእሳት ይያያዛል፤ ራስን ያዞራል፤ በየከተማው ጎዳና የሚኖሩ ልጆችን ጤና የሚያበላሸው የማስቲሽ ተን ይኸው ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በማስቲሽ መሥራት የሚገባ ነገር አይደለም።

ሲሚንቶና የሴራሚክ ማጣበቂያ። ሲሚንቶ የሚይዘው ጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲጠጥር ነው። ሴራሚክ ከበስተጀርባው ቀዳዳ አለው፤ ፒቪሲ የለውም። ስለዚህ ተራው ሲሚንቶ ከደረቀ በኋላ ከፒቪሲው ላይ እንደ ቅርፊት ይነሣል።

ሱፐር ግሉ። ጠብታዋ ጣትን ከጣት ስለምታጣብቅ ብዙ ሰው ያምናታል። ይህች ሙጫ ግን በጣም ስስ ስለ ሆነች ክፍተት አትሞላም፤ ከጠነከረችም በኋላ ተሰባሪ ናት። ለተሰበረ ጌጥ ትሁን።

ሲሊኮን። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ በመግፊያ እየተገፋ የሚወጣው ነው። ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ከላይ ወደ ውስጥ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከጠነከረም በኋላ እንደ ጎማ ይለጠጣል፥ ውሃም አይጎዳውም። ነገር ግን ሁለት ዐይነት መሆኑን ብዙ ገዢ አያውቅም። አንደኛው ሲገፋ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ በርግጥም የሚወጣው የአቼቶ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ከሲሚንቶና ከኖራ ጋር ስለማይስማማ በልስን ላይ መያዣው ይደክማል፤ ቆርቆሮና ሚስማርንም ያዝጋል። ሁለተኛው ይህ ሽታ የለውም፤ «ኒውትራል» ተብሎ ይጻፍበታል። ለልስን የሚሻለው ይኸው ነው። ያም ሆኖ የሲሊኮን ዋና ሥራ መጋጠሚያ መድፈን ነው።

ፖሊዩሪቴንና ሃይብሪድ። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት እነዚህ ናቸው። «ኤም ኤስ ፖሊመር» የሚባለው ሃይብሪድ በጃፓን አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት የተገኘ ነው። እርሱም በአየር እርጥበት ይጠነክራል፤ ፕላስቲክንም፥ ልስንንም፥ እንጨትንም ይይዛል፤ ከጠነከረ በኋላ ጥቂት ስለሚለጠጥ ሰሌዳው በሙቀት ሲረዝምና በብርድ ሲያጥር አብሮት ይሄዳል። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ነገር ግን ሰሌዳ፥ መጓጓዣና የሠራተኛ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከመክፈል አንድ ጊዜ ለሙጫ መክፈል ይቀላል።

ከመግዛታችሁ በፊት በቱቦው ላይ ሁለት ነገር ይነበብ፤ ለፒቪሲ እንደሚሆን መጻፉና የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉ። ጊዜው ያለፈበት ቱቦ ከውስጡ መጠንከር ስለሚጀምር በሚገባ አይይዝም። የውጭ ቋንቋ የማያነብ ሰው አይፈር፤ የሚያነብ ተማሪ ዛሬ በየቤቱ አለ።

ግድግዳውን መመርመር

ሙጫውን ከማወቅ ይልቅ ግድግዳውን ማወቅ ይበልጣል ብያለሁ። ምርመራው ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

በመጀመሪያ በጥቁር ጨርቅ ግድግዳውን እሹት። ጨርቁ በአቧራ ወይም በኖራ ከነጣ ሙጫው የሚይዘው ያንን አቧራ ነው። የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ብትነቅሉትም ይኸው ይታያል፤ ቀለሙን ወይም ምርጊቱን ይዞ ከመጣ ግድግዳው ሸክም ለመቀበል አልተዘጋጀም። ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳም ቢሆን የሚያብለጨልጨው ገጽ መፋቅ አለበት።

ሁለተኛው የእርጥበት ምርመራ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ወስዳችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር በግድግዳው ላይ አሽጉት። ከአንድ ቀንና ሌሊት በኋላ ከላስቲኩ በስተጀርባ ጠብታ ከታየ ወይም ግድግዳው ጠቍሮ ከተገኘ ውሃው ከውስጥ እየመጣ ነው። ያን ጊዜ ሥራው ሙጫ መግዛት ሳይሆን የውሃውን ምንጭ መፈለግ ነው፤ ጣራ ያፈስስ እንደ ሆነ፥ ቧንቧ ያንጠባጥብ እንደ ሆነ፥ ወይም የጓሮው ጐርፍ ከግድግዳው ሥር ይተኛ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ የሲሚንቶ ልስንም ቢሆን ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይሞላው አይሸፈን።

ሦስተኛው፥ አንድ ቍራጭ ሰሌዳ በመረጣችሁት ሙጫ ለጥፋችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ ውሃ እየረጫችሁ ቈይታችሁ ጐትቱት። በመቃወም ከጠነከረ ሥራውን ቀጥሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ አንድ ሳምንት መጠበቅ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

አሠራሩ

ግድግዳው ከብሎኬት የተሠራና በሲሚንቶ የተለሰነ፥ ደረቅና ለጥ ያለ ከሆነ ሙጫው ብቻውን ይበቃል። ሙጫው በሰሌዳው ጀርባ ከላይ ወደ ታች በመስመር ይሳባል፤ በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። እንደ ቅቤ ሁሉንም ገጽ መቀባት ስሕተት ነው፤ መካከል ላይ ያለው ሙጫ አየር አጥቶ ሳይጠነክር ይቀራል። አግድም መሳብም አይገባም፤ ከበስተኋላ የገባ ውሃ በመስመሩ ላይ እንደ ግድብ ይቋጠራል። ቁልቁል ከተሳበ ግን ውሃው ወርዶ ይወጣል፥ አየሩም ይመላለሳል።

ሰሌዳው ከወለሉም ከኮርኒሱም ጋር መጨናነቅ የለበትም። ለተማሪዎቼ የምሰጣትን ሒሳብ እነሆ። ጠንካራ ፒቪሲ በአንድ ሜትር ርዝመት በአንድ ዲግሪ ሙቀት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የ3 ሜትር ሰሌዳ ብርዳማ ጧት ከነበረበት በሙቅ ውሃ ተን 20 ዲግሪ ቢሞቅ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። ቦታ ካጣ ሆዱን ነፍቶ ሙጫውን ያላቅቃል። ስለዚህ ከላይም ከታችም 5 ሚሊ ሜትር ይተውና የታችኛው በኒውትራል ሲሊኮን ይደፈን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ የሚፈላባት ከተማ ናት። ማቅጠኛ ያላቸው ሙጫዎች በዚህ ስስ አየር ቶሎ ይተንናሉ፤ የጧቱ ብርድ ደግሞ ሌሎቹን ያዘገያቸዋል። ከእነዚህ ሙጫዎች ብዙዎቹ ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ እንዳይሠራባቸው ይመከራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሠራ ሰው ፀሐይ ግድግዳውን ካሞቀች በኋላ ይጀምር፤ የደነደነውን ቱቦም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ያቈየው። ሙጫው ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ የከሰል ምድጃ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማስገባት ግን ከቶ አይገባም። የከሰል ጭስ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል፤ የሙጫው ተን ካለበትም እሳት ያስነሣል። ሰሌዳው በዕንጨት ተደግፎ ቢያንስ አንድ ቀን ይቈይ፤ ለሁለትና ሦስት ቀንም ውሃ አይፍሰስበት።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ሙጫን በቀጥታ በምርጊት ላይ መቀባት ይቅር። ውሃ የሚረጨው በኩል ቢያንስ እስከ ጕልበት ከፍታ በድንጋይ ወይም በብሎኬት በሲሚንቶ ይገንባ። ከዚያ በላይ ሞራሌ ከቋሚዎቹ ጋር በሚስማር ይመታና ሰሌዳው በሞራሌው ላይ ይያዝ። የሰሌዳዎቹ ጠርዝ ወንዴና ሴቴ ሆኖ ስለሚገጣጠም ትንንሾቹ ሚስማሮች ተሸፍነው ይቀራሉ፤ ሙጫው ረዳት ይሆናል። በሞራሌዎቹ መካከልና በኮርኒሱ በኩል አየር የሚመላለስበት ክፍተት ይተው። የግድግዳው የውጭ ፊት ደግሞ በሲሚንቶ አይለሰን፤ አንድ ፊቱ በፕላስቲክ፥ ሌላው ፊቱ በሲሚንቶ የታሸገ የጭቃ ግድግዳ የጠጣውን ውሃ በየትም ሊተፋው አይችልም።

የእናቴን መታጠቢያ ቤት ያደስነው ግድግዳው እስኪደርቅ ሦስት ወር ጠብቀን በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነበር። የበሰበሰው ቋሚ ወጥቶ ሌላ ተተከለ፤ የታችኛው ክፍል በብሎኬት ተሠራ፤ የቀረው በሞራሌ ላይ ተያዘ። በመጨረሻው ጥግ ያለችውን አንዲት ሰሌዳ ግን በሙጫ አላጣበቅኋትም፤ በአራት ብሎን ብቻ አሰርኋት። ያለፉትን ክረምቶች ሁሉ በቡሄ ዋዜማ እርሷን ፈትቼ እጄን ወደ ውስጥ እያስገባሁ ግድግዳውን ዳስሻለሁ፤ እስካሁን ደረቅ ነው። እናቴም ከበሩ ላይ ቆመው «ይተነፍሳል?» ይሉኛል። ቤት የሚያድስ አንባቢም እንዲህ ያለች አንዲት ሰሌዳ ቢተው አይጸጸትም፤ ከፕላስቲክ በስተጀርባ ያለውን ነገር ሳይፈርስ በፊት ማየት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።